ግራፊኑን የፈታሁ ቀን

እኛ ቤት ድምፅ ሲጎድል የሚጠረጠረው ስፒከር ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ የደረሰብን ነገር የሞኝ ሥራ ይመስላችኋል። ሞኝነትስ ሞኝነት ነው፤ ግን የተሞኘነው በገዛ ሙያችን ነው፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና ስፒከር ጠጋኝ ነበር። ቤታችን ሦስት ክፍል ነው፤ በመንገድ በኩል ያለችው ሱቅ፣ ከጀርባዋ ያሉት ሁለቱ መኖሪያ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያገባሁት። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር መጀመሪያ የደንበኛ ስም እንድጽፍ ነበር ወንበር የተሰጠኝ፤ ውሎ አድሮ መቀሱም ማስቲሹም እጄ ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ። የስፒከር ሆዱ ወረቀት መሆኑን የማያውቅ ስንት የተማረ ሰው አለ መሰላችሁ! ያ ሁሉ ዘፈን፣ ያ ሁሉ ዜና የሚወጣው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከተቀለሰች አንዲት ወረቀት ነው። ከኋላዋ ማግኔት አለ፣ መሐሏ ላይ ኮይል የሚባል የሽቦ ጥቅል አለ፤ ሽቦው ይገፋታል፣ ወረቀቷ ትርገበገባለች፣ በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ባለቤቴ አንድ ሕግ ነበረው። ደንበኛ "ድምፁ ልክ አይደለም" ብሎ ያመጣውን ዕቃ እኛ ስንሰማው ደህና ቢመስለን እንኳ "ጆሮህ ነው" ማለት ክልክል ነው። "ሰው በጆሮው አይታማም። ፍታው!" ይላል። እውነትም ሲፈታ አንድ ነገር አይጠፋም፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወይም የላላ ብየዳ ይገኛል። ሌላው ጠጋኝ "ምንም የለውም" ብሎ የመለሰውን እኛ ፈትተን ስለምናገኘው ነው ስማችን የተጠራው። ልጄ ሱቁን ሲረከብ ሕጉንም አብሮ ተረከበ።

የልጄ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ገና ዳዴ ስትል ሞታባት እኔ ነኝ ያሳደግኋት። አሳደግኋት ስል ስታስነጥስ ግንባሯን እየዳበስኩ፣ ስታስል ጤና ጣቢያ ይዣት እየሮጥኩ ማለቴ ነው። ከጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ "እማማ እኮ ልጅቷ ስታዛጋም ካርድ ያወጡላታል" እያለ መንደሩን ያስቅብኛል። ይሳቅ። ልጅ ያላሳደገ ሰው መሳቅ አያቅተውም።

ደንበኞች "መርማሪዋ" ይሏታል። አባቷ የጠገነውን ዕቃ እሷ ሳትሰማው ከሱቅ አይወጣም። ዓይኗን ጨፍና፣ የጣቷን ጫፍ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጣል ታደርግና "አባዬ፣ ኮይሉ ይነካካል" ትለዋለች። ይፈታል። ይነካካል። በዚሁ ጆሮዋ ነው የድምፅ ቀረጻ ማሠልጠኛውን ፈተና ያለፈችው፤ መቶ ምናምን ልጅ ተፈትኖ አሥራ ሁለት ብቻ ነበር የወሰዱት። ትምህርቱ ሊጀምር ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ሰኞ ጠዋት እኔ ሱቁን እየጠረግሁ፣ አባቷ መበየጃውን እያጋለ፣ እሷ ጥግ ላይ ካለችው በርጩማዋ ሄድፎኗን ከራሷ አወለቀችና "አባዬ፣ ግራው ሞቷል" አለችው።

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ እንኳ አይደለም። ሩቅ ሆነብኝ። ደግሞ ጥዝዝ ይላል።"

ተቀብሏት ራሱ ላይ አጠለቀው። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። "ለእኔ ይሠራል።"

"ለእኔ አይሠራም።"

"እንግዲያው ሲያሰኘው የሚሠራ፣ ሲያሰኘው የሚያኮርፍ ብልሽት ነው። እንደ እማማሽ።"

ሳቁ። እኔም መጥረጊያውን ተደግፌ ሳቅሁ። ያንን ሳቅ ዛሬ ሳስታውሰው እጠላዋለሁ።

ፈታው። የግራውን ብየዳ እንደገና በየደው። ማክሰኞ ጥዝዝታው አልለቅ ሲላት "መሬት የሚያገኘው ሽቦ ነው" ብሎ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀየረላት። እሱም ትክክል ነው፤ ጥዝዝ ሲል ገመድ ነው የሚታየው፣ አባቱ እንደዚያ ነው ያስተማረው። ረቡዕ ጠዋት ልጅቷ ብርጭቆ ይዛ ስትወጣ የበሩ ደፍ ላይ ተንገዳገደች። ብርጭቆው ተሰበረ።

"ዞረብኝ እማማ።"

"ቁርስ ሳትበዪ! ተናግሬአለሁ!" እንቁላል ቀቅዬ ሁለቱንም አስበላኋት። ከዚያ ልጄን ጥግ ይዤ "እስቲ ልውሰዳት" አልኩት።

"የት?"

"ሐኪም ዘንድ ነዋ።"

"እማዬ፣ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ወሰድሻት? ሦስት። ሦስቴም 'ጤነኛ ናት' ብለው መለሱሽ። ካርድ ክፍሉ ያለችው ሴትዮ ገና ስታይሽ ነው የምትስቀው። ልጅቷ ትምህርት ሳትጀምር በሽተኛ ነኝ ብላ እንድታስብ አታድርጊያት።"

አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ያላፈርኩትን ያን ዕለት አፈርኩና ሳልወስዳት ቀረሁ።

ሐሙስ ዕለት መሐንዲሱ መጣ። መሐንዲስ ሆኖ አይደለም። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይደረድራል፣ ሲናገርም ቁጥር ያበዛል፤ እንደዚያ ነው ስሙ የወጣለት። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የድምፅ ዕቃ የሚያከፋፍል ሰው ነው። አመሉን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ "ሽቦው ብር ነው" ብሎ መጣ። ቀጥሎ ጫፉ ወርቅ የተቀባ። ከዚያ ካርቦን፣ ከዚያ ታይታኒየም። አዲሱ በመጣ ቁጥር የበፊቱ ቆሻሻ እንደነበር የሚነግረን ራሱ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያ ሁሉ የከበረ ማዕድን ተቀዶ ጠረጴዛችን ላይ ይንጋለላል፣ እኔም በወረቀት እደርተዋለሁ። ባለቤቴ "ልብሷን ነው የሚቀያይሩላት፣ ጉሮሮዋ ያው ነው" ይል ነበር።

"እማማ፣ ዛሬ ያመጣሁት ያንን ወረቀትዎን ጡረታ ያወጣዋል" አለኝ መሐንዲሱ፣ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ እያኖረ።

"እኔን ሳያስቀድም?"

"ግራፊን ይባላል። ከብረት ሁለት መቶ እጅ ይጠነክራል። ውፍረቱ አንድ አተም ብቻ! አይመዘን፣ አይታይ!"

"የማይታይና የማይመዘን ነገር ሸጠህ በምን ታስረክባለህ?"

ልብስ ሰፊው በራችን ላይ ቆሞ ቁልፍ እየተከለ ነበር። "እማማ፣ እኔም ከነገ ጀምሬ በማይታይ ክር ልስፋ እንዴ?" አለ።

"አንተማ ድሮም በማይታይ ክር ነው የምትሰፋው፤ ሱሪህ ሁሉ ሁለት ቀን አይቆይም" አልኩት። መሐንዲሱ ሳይቀር ሳቀ።

ልጄ ግን አልሳቀም። ካርቶኑን እያገላበጠ ያነባል። በወርቃማ ፊደል "እስከ ዛሬ ያልሰሙትን ይሰማሉ" ተብሎ ተጽፎበታል። ያንን አነበበና ቀና ብሎ ልጁን አያት። ሦስት ቀን ሙሉ ሊያገኘው ያልቻለውን ብልሽት ዕቃ በመቀየር ሊገላገለው እንደሆነ ገባኝ። ዋጋውን አልጠየቅሁትም፤ እሱም እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

አጠለቀችው። ትልቅ ነው፤ ጉንጯን ጭምር እንደ ፈረስ ልባብ ቀፍድዶ ይይዛል። ሙዚቃ ለቀቀላት።

"እህ? እንዴት ነው?"

የግራውን ክዳን በጣቶቿ ጫፍ ደጋግማ ነካካች። ከዚያ የአባቷን ፊት አየችና ፈገግ አለች። "ይሻላል አባዬ።"

"ግራውስ?"

"ግራውም ይሻላል።"

ልጄ መሐንዲሱን ጨብጦ ሊለቀው ነው? ደስታው ሌላ ነበር። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረውን ሳልደብቅ ልጻፈው፦ የተናደድኩት ለወረቀቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የለጠፍኩት ወረቀት ያልቻለውን አንድ አተም ቻለ ሲባል አልዋጥልኝ አለ።

ግራፊን የሚባል ነገር በዓለም የለም አላልኩም። የተማሩት አለ ካሉ አለ። የጠረጠርኩት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ይህን ደግሞ ለእኔ የሚያስተምረኝ የለም። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ክርክሩ እሱ ብቻ ሆነ። ልጄ "ቴክኖሎጂ አትጥዪ" ይላል፣ እኔ "ቀለም ነው" እላለሁ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ያነብልኛል፣ እኔ "ጸሐፊው ማነው? ሻጩ አይደለም?" እላለሁ። ምሳ ላይ እንከራከራለን፣ ደንበኛ ፊት እንከራከራለን። ልጅቷ በመሐላችን ትቀመጣለች። አንዴ ብቻ "ግራው አሁንም ይደክማል" ብላ አመለጣት፤ ከዚያ ዝምታ አበዛች። ጭቅጭቃችን የሰለቻት መሰለኝ።

በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ ዕለት መሐንዲሱ "ሌላም ይጨመርላችሁ?" ብሎ ተመልሶ መጣ። እኔ እሱን ነበር የምጠብቀው።

"ቁጭ በል" አልኩት። "አንተ ልጅ፣ ካቻቢቴዋን አቀብለኝ። ትንሿን።"

"እማዬ፣ ተይ" አለ ልጄ።

"አባትህ ምን ነበር የሚለው? 'ፍታው' አይደለም?"

"እማማ፣ ከፈቱት እኮ ዋስትናው ይበላሻል!" አለ መሐንዲሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

"ዋስትናው ከአንድ አተም ይወፍራል?"

ልብስ ሰፊው ሥራውን ጥሎ ገባ። ሁለት ደንበኞችም ነበሩ። አራት ብሎን ፈታሁ፣ የግራውን ክዳን አነሳሁ፣ ውስጡ ያለችውን እንደ ብርጭቆ አፍ ክብ የሆነች ስስ ነገር በወረንጦዬ አወጣኋት። ጥቁር ግራጫ ናት፣ ታብለጨልጫለች። ስታዩአት ታምራለች፣ እሱን አልክድም። ጥጥ ወሰድኩና አልኮል ነክሬ በቀስታ ጠረግኋት። ጥጡ ጠቆረ። ደግሜ ጠረግኋት። በሦስተኛው ጥጥ፣ ብርሃን ላይ ወደ ላይ ስይዛት፣ በውስጧ የሱቁን አምፖል አየሁ። የከረሜላ መጠቅለያ የመሰለ ተራ ላስቲክ።

ልብስ ሰፊው "ኧረ መሐንዲስ! ከብረት የጠነከረው በጥጥ ለቀቀ!" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ያ... ያ መከላከያ ሽፋኑ ነው" አለ መሐንዲሱ።

"ከማን ነው የሚከላከለው? ከእኔ?"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አላበቃሁም። የተጠረገችውን መለስኩና ገጠምኩ፣ ያልተነካው በቀኝ፣ የታጠበችው በግራ። ለልጄ ሰጠሁት። አዳመጠ፣ አገላብጦ አዳመጠ፣ አወለቀው። "ልዩነት የላቸውም" አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። መሐንዲሱ ካርቶኑን ሰብስቦ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይለን ወጣ።

ያን ጊዜ ነው ወደ ልጅቷ ዞሬ "አየሽ የኔ እናት? ቀለም ነው። ለዚህ ነው ግራው የደከመብሽ" ያልኳት።

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አላለውም፣ መሐንዲሱ አላለውም። እኔ፣ ስታዛጋ ካርድ የማወጣው ሴትዮ። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት እንደሚሰማ በገዛ እጄ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ልጅቷ ግን አንዱን ብቻ እንደማትሰማ እያወቅሁ፣ ነገሩን ከዕቃው አላሳልፍ አልኩ። ቀሪው ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ይነግራችሁ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

"አዎ እማማ" አለችኝ። ያልኳትን ሰምታ ይሁን አፌን አይታ፣ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ እናትና ልጅ እልህ ያዘን። ያን ዕለት ማታ ሳይሆን በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛውን ጠርገን "እኛው እንሠራላታለን" አልን። እውነተኛ፣ በወረቀት። ልጄ ኮይሏን በማጉያ መነጽር ጠመጠማት። እኔ ወረቀት መረጥኩ፤ ወፍራሙ ይጎትታል፣ ስሱ ይንጫጫል። በመጨረሻ ከአሮጌ የመጽሐፍ ገጽ መካከል የሚገባውን ስስ ወረቀት አገኘሁና ውኃ አርከፍክፌበት፣ ማንኪያ ጀርባ ላይ ቀልሼ አደረቅሁት። ተቀደደ። ሌላ ሠራሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ ስድስቱን አበላሽቼ ሰባተኛዋ ወጣች። ስምንት ቀን ፈጀብን። ልጄ ሥራ ላይ አፏጭቶ አያውቅም ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲያፏጭ የሰማሁት በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው።

አጠለቀችው። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቆምን።

"ከሁሉም ይሻላል" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኛ የደስታ አደረግነው።

ሰኞ ዕለት ለትምህርት ቤቱ ጫማ ልገዛላት ይዣት ወጣሁ። የእግረኛ መንገዱ ጠባብ በሆነበት ላይ እሷ በመኪናው በኩል ነበረች፣ እኔ በግድግዳው። አስፋልቱ በግራዋ። ቧንቧ ሊቀብሩ የቆፈሩትን ለማለፍ ወደ መንገዱ ወረደች። ሞተር ሳይክል ከኋላ ይመጣል፤ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እየደጋገመ። እኔ ያን ጥሩምባ ከሩቅ ሰምቼዋለሁ፤ እሷም የሰማችው መስሎኝ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ዝም ብላ፣ ተረጋግታ ትሄዳለች። ሹራቧን ከኋላ ይዤ ሳብኳት፤ ሁለታችንም አፈሩ ላይ ወደቅን። ሞተረኛው ተንሸራትቶ አለፈና ዞር ብሎ "ደንቆሮ ነሽ እንዴ አንቺ!" ብሎ ሰደባት።

"ደንቆሮ አን..." ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም።

ራሷ ላይ ምንም ነገር አልነበረም። ሄድፎን የለም፣ ገመድ የለም፣ ግራፊን የለም፣ ወረቀት የለም። ባዶ ጭንቅላቷን ይዛ ነው አፈር ላይ የተቀመጠችው። የሚፈታ ነገር አልነበረም።

አንስቼ ከግድግዳው አስጠጋኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ቀኝ ጆሮዋን በመዳፌ ደፈንኩና በግራዋ በኩል ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም። ጮኼ ጠራሁ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። እሷ አልዞረችም።

እጄን ሳነሳላት ገባት። "እማማ፣ መጀመሪያ እኔም ስፒከሩ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "በኋላ ግን ቧንቧውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ አንቺም በአንድ በኩል ብቻ ሆናችሁ። የአሁኑም ጥሩምባ ከየት እንደመጣ አልለየሁትም።"

"ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ? እንዴት?"

"አባዬ ደስ ብሎት ነበራ። እያፏጨ እኮ ነው የሠራው። ደግሞ ማሠልጠኛው ከሰማ እንዳይሰርዘኝ ፈራሁ። ይመለሳል ብዬ... ጠዋት ስነሳ እየሞከርኩት ነበር።"

ከዚያው ከመንገድ ለልጄ ደወልኩና ሦስታችንም ከሰዓት በኋላ የጆሮ ሐኪም ፊት ተቀመጥን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች። ድምፅ በማያስገባ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስገብታ መረመረቻትና ወጥታ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ልክ ሦስት ሳምንቱ ዛሬ ነው" አልኳት። "ሰኞ ጠዋት። ሱቅ እየጠረግሁ ነበር።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቀኑን እንዲህ አጥርታችሁ ካወቃችሁት ምን ስትጠብቁ ነበር?"

ልጄ እጆቹን አየ። የማስቲሽ ቅርፊት ገና ጥፍሩ ሥር አለ። "ሄድፎኑን ስጠግን ነበር" አለ።

ሐኪሟ የሚቀልድ መስሏት አየችው። አለመሆኑን ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እንዲህ ድንገት ሲጠፋ መድኃኒቱ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ያኔ ብትመጡ ይድን ነበር ብዬ አልምልላችሁም፤ አንዳንዱ ቶሎ መጥቶም አይመለስለትም። ግን ዕድል ነበረው። ጥዝዝታውም ማዞሩም የዚሁ የጆሮው ነገር ነው።"

ሁለት ሳምንት ስትል ቀሚሴ ሥር በጣቴ ቆጠርኩ። ግራፊኑን ፈትቼ ሱቁን ያሳቅሁበት ረቡዕ አሥረኛው ቀን ነበር። አራት ቀን በእጄ ነበረኝ። ያንን አራት ቀን ወረቀት ማንኪያ ላይ ስቀልስበት ዋልኩ።

መድኃኒቱ ተሰጣት፣ በአፍም በመርፌም። ፊቷ አበጠ፣ እንቅልፍ አጣች። ከወር በኋላ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ደግማ ገባች፤ ወረቀቱ ላይ የተሳለው የግራ ጆሮዋ መስመር ከወደቀበት አልተነሳም። ማሠልጠኛው "ለጊዜው ልንቀበላት አንችልም" ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ ማህተም አለው። አንብባ ለአባቷ ሰጠችው፣ አባቷ አንብቦ ለእኔ ሰጠኝ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ዕቃውን ይጠብቅ ነበር።

መሐንዲሱ ወሬውን ሰምቶ መጣ። እስክሪብቶዎቹ ኪሱ ላይ አልነበሩም፤ ወይም እኔ አላየኋቸውም። በሩ ላይ እንደቆመ "እማማ፣ በሞተችው እናቴ ይሁንብኝ፣ የእኔ ዕቃ ጆሮዋን አልጎዳም" አለኝ።

"አልጎዳም" አልኩት።

"ቀለሙን እንኳ... ቀለም መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር። እንዳመጡልኝ ነው ያመጣሁት።"

"አውቃለሁ።"

ብሰድበው ደስ ይለኝ ነበር። እሱም ብሰድበው የሚቀልለው ይመስለኛል፤ ቆሞ ጠበቀኝ። ከየት አምጥቼ ልስደበው? እሱ የወሰደብን ስድስት ቀን ነው። የቀረውን የወሰድነው እኔና ልጄ ነን፣ ያውም በፍቅር። ውሸቱን ያጋለጥኩ ዕለት ውሸቱ እኛን መጉዳቱ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ውሸታም ሲያዝ ሰው ልቡ ይሞላል፤ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። መሐንዲሱ ግራፊን ብሎ ሸጠልን፣ እኔ ደግሞ "ግራፊን አይደለም" ብዬ ያንኑ ሸጥኩላት።

"ግባና ውኃ ጠጣ" አልኩት። አልገባም።

ሐኪሟ ስታሰናብተን አንድ ነገር ብላኛለች፦ "ቀኙን ጠብቁት። ለውጥ ካለ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ኑ።" እሱን ነው አሁን የያዝኩት። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ፀጉሯን ስትሠራ ከኋላዋ እቆማለሁ። "ትሰሚኛለሽ?" ብዬ አልጠይቃትም፤ "አዎ" ማለት እንደምታውቅበት አይቻለሁ። "ይሻላል?" ማለትማ ከቤታችን ጠፍቷል። ቁጥር ነው የምላት፣ ዝቅ አድርጌ። የሰማችውን ቁጥር መልሳ ትነግረኛለች። ለሰው ደስታ ብላ ቁጥር መገመት አትችልም።

ባለፈው ማክሰኞ "አርባ ሰባት" አልኳት።

"አርባ ሰባት" አለች።

ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። "ዘጠና ሦስት።"

ዝም አለች። ማበጠሪያው ፀጉሯ ላይ ቆመ። ደገምኩት፤ ዝም። ጫማዬን ሳላደርግ ሱቅ ደርሼ ልጄን በእጅጌው ጎተትኩት፣ ሥራውን እንደተከፈተ ጥሎ ወጣ፣ ሐኪሟ ገና ነጭ ጋዋኗን ሳትለብስ ደረስን። መስታወቱ ክፍል አስገባቻት። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ።

ሐኪሟ ወጣችና "ቀኙ ጤነኛ ነው" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እማማ፣ ቁጥሩን ለእኔ እስቲ እንደዚያው ይበሉት" አለችኝ። ጠዋት እንዳልኩት አልኩት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። "ይህን እኔም አልሰማሁትም። ይህ እኮ ትንፋሽ ነው" አለች።

ስንመለስ ልጅቷ ሁለታችንንም በቀኟ አድርጋ ትሄዳለች። ቤታችን ስንቃረብ "እማማ፣ እንደዚህ ከሆነ አንቺ ቀድመሽኝ ትሞቻለሽ" አለችኝ።

"ድሮስ ማን ይቀድማል?" አልኳት።

"እውነቴን ነው። በየቀኑ ጠዋት ፈተና ነው። ማበጠሪያ በያዝኩ ቁጥር ቁጥርሽን እጠብቃለሁ።"

"እሷን ተያት በቃ እማዬ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል" አለ ልጄ። ለራሱም ሳያምንበት ነው የሚናገረው፤ እሱም ከበሩ ኋላ ቆሞ ቁጥሩን እንደሚያዳምጥ ካወቅሁ ቆይቻለሁ።

"እሺ" አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆማለች። ከኋላዋ ደረስኩ። ድምፄን ከትናንቱ ትንሽ ከፍ አደረግሁት።

"ሠላሳ ስድስት" አልኩ።

"ሠላሳ ስድስት" አለች፣ ሳትዞር።